ሁለተኛው ጉርሻ፦ ከአውሮራ የመርከብ ጉዞ ስሸጥ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዳያን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ትልቅ የመርከብ ፎቶ ሥር አስቀመጠችኝና «መርከብ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «ዋናስ?» አላውቅም። «ግድ የለም፤ አማርኛ ታውቂያለሽ» አለችና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

ዳያን የቢሮው ባለቤት ናት። ቢሮው አውሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በጥፍር ማስዋቢያ ቤትና በጎማ ሱቅ መካከል የተሸጎጠ፣ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ የጉዞ ወኪል ነበር። እንዲህ አድርጌ፣ ባሕር ከሌለው አገር መጥቼ ባሕር በሌለበት ከተማ የመርከብ ጉዞ ሻጭ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣም ሌላ ነገር አልሸጥኩም።

ወኪል ማለት ክፍል የሚይዝ፣ የእራት ጠረጴዛ የሚያስመዘግብ፣ በቀረው ጊዜ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚናገር ሰው ነው። ተጓዡ ብዙ ከሆነ አብሬ እሳፈራለሁ። ያኔ ማዕረጌ «የቡድን መሪ» ይባላል። የሚመራ ቡድን ግን አላጋጠመኝም።

ደንበኞቼ የኛው ሰዎች ነበሩ፤ ከአጎራባቾቹ ከሞንትቤሎና ከቶርንተን፣ ከዚሁ ከአውሮራ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭኑ፣ አዛውንት የሚንከባከቡ፣ መኪና የሚነዱ። በዓመት አንዴ ለማረፍ የሚለምኑ ጨዋ፣ ታታሪ ሰዎች። ሲነገራቸው ግን አይሰሙም።

ካውያ አይገባም፣ እሳት ያስነሣል እላለሁ። ካውያ ይዘው ይመጣሉ። ከቤት የተዘጋጀ ወጥ አይገባም እላለሁ። ፍተሻው ላይ የሚጥሚጣው ብልቃጥ ብቻ አልፎ ወጡ ሲቀር «ሮማን፣ ምነው ሳትነግሪን?» ይሉኛል። ትልቁን ሻንጣ ወደብ ላይ ተሸካሚዎች ይወስዱታል፣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ወደ ማታ ነው፣ ስለዚህ ፓስፖርትና መድኃኒት በእጅ እላለሁ። ፓስፖርታቸው በተወሰደው ሻንጣ ውስጥ መሆኑን የሚያስታውሱት ሰልፉ ላይ ቆመው ነው።

በሙያ ዘመኔ ከሁሉ ይበልጥ የተበሳጨሁበት ጉዞ ግን አንድ ነው። ቀኑን የመረጠችው ዳያን ናት። ፍልሰታ ላይ መዋሉን ያወቅነው ሁሉም ከሥራው ፈቃድ ከወሰደ በኋላ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሊበላ የሚሳፈርበት መርከብ ላይ ሊጾሙ የተሳፈሩ የኛ ሰዎች ናቸው።

ከጉዞው በፊት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰብስቤ አስረዳኋቸው። «ጉርሻ በየቀኑ ከሂሳባችሁ ላይ በራሱ ይቆረጣል። ለአስተናጋጆቹ ነው። አትንኩት» አልኩ።

ጋሽ ግርማ እጃቸውን አወጡ። የሞንትቤሎ ሰው ናቸው፤ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሻትል ይነዳሉ። «ጉርሻ እንዴት በራሱ ይቆረጣል? ያለ እጅ?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩና ወደ ሻንጣው ጉዳይ አለፍኩ።

መርከቡ ላይ ሦስት ትልልቅ ጠረጴዛ ተሰጠን። የሦስቱም አስተናጋጅ ዋያን የሚባል ከባሊ ደሴት የመጣ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳህን በክንዱ ላይ ደርድሮ የሚበር። የመጀመሪያው ማታ የቀረበለትን ሁሉ እየመለሰ የሚጸልይ ጠረጴዛ ገጠመው። አትክልት ብቻ ነው ብሎ ያመጣው ሩዝ ቅቤ ነበረበት። ሾርባው ወተት ነበረበት። ዓሣ አመጣና ባሰበት፤ ይጾማል አይጾምም የሚል ክርክር ተነሥቶ እራቱ አለቀ።

እማማ ጥሩነሽ ያን ማታ ዳቦና ሐብሐብ ብቻ በልተው ተነሡ። ቶርንተን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው እናት ናቸው። ልጃቸው ሥራ ይዟት ብቻቸውን ነው የላከቻቸው፤ አደራውን የሰጠችው ለእኔ። «ይብሉ እንጂ እማማ» ብላቸው «እመቤቴ ታውቃለች፣ ተይኝ ልጄ» አሉኝ። ዋያን ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። መጣና ምን ምን እንደማይበላ ጠየቀኝ። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ አልኩት። እያንዳንዱን በጣቱ ቆጥሮ ሄደ።

በማግስቱ ማታ ለእማማ ብቻ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጣ። ምስር ነው፤ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተሠርቷል። ወጥ ቤት ገብቶ ለምኖ ያሠራው መሆኑን በኋላ ሰማሁ። እማማ ቀመሱ። ከዚያ «ዋሲሁን!» ብለው ጠሩት፤ ዋያን የሚለው ስም አልገባላቸውም ነበር። ዳቦ ቆርሰው ምስሩን ጠቀለሉበትና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «በሞቴ! አፍህን ክፈት!»

ዋያን ግራና ቀኝ አየ። ሁለቱም እጆቹ በሳህን ተይዘዋል። ከፈተ።

ጠረጴዛው አጨበጨበ። ጉርሻ ደግሞ አንድ ብቻ አይሆንምና እማማ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ ሳለ የምግብ አዳራሹ አለቃ ከኋላ መጥቶ ቆመ። ረጅም፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ፊቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። በዓይኑ ብቻ ዋያንን ጠራው። ሁለተኛው ጉርሻ በእማማ እጅ ላይ ቀረ።

ጠዋት አለቃው አስጠራኝ። «አስተናጋጁ በሥራ ላይ እያለ ከእንግዳ ሳህን በልቷል። የጎረቤት ጠረጴዛ አቤቱታ አቅርቧል። ይህ አንድ ነው» አለኝ። «ሁለተኛ፣ የቡድንሽ ሰዎች በሙሉ ቲፑን ከሂሳባቸው ላይ አስነሥተዋል። እንዲህ የሚደረገው አገልግሎቱ መጥፎ ሲሆን ነው።»

ቲፑ መነሣቱን የሰማሁት ያኔ ነው።

«በእኛ ቋንቋ» አልኩት፣ «ቲፕ መስጠትና ሰውን በእጅ ማጉረስ አንድ ቃል ነው።»

«ስለዚህ አንዱን ከልክለው ሌላውን ሰጡት ነው የምትይኝ?»

«አዎ» አልኩ። ስናገረው ለራሴም የእብድ ንግግር መሰለኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ላይኛው ፎቅ ቡፌ ላይ ሳህን ያነሣል። ወደብ ስንመለስ ኮንትራቱን እናየዋለን» አለና አሰናበተኝ።

ዋያንን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ስል ቀድሞ እሱ ጠየቀኝ፤ «ማማ ዛሬስ ምን ትበላለች?» አለኝ። አገሩ ቤት እየሠራ መሆኑን ነገረኝ። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ጣሪያው ነው። ይህ ኮንትራት ካልታደሰ ጣሪያ የለም። ከኛ ቡድን አገር ቤት ግድግዳ አቁሞ ጣሪያ ያልቀረው ሰው ማን አለ?

ሰዎቼን መዋኛው አጠገብ ሰበሰብኳቸው። መሰብሰቡ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንዱ ተኝቷል፣ አንዷ ስልኳን አልያዘችም፣ ሌላው «መጣሁ» ብሎ ቀርቷል። በመጨረሻ «ቲፑን አስነሡ ያላችሁ ማነው?» አልኩ።

ጋሽ ግርማ ኮራ ብለው ተነሡ። «እኔ ነኝ። ቲቪው ላይ ሂሳቡን ባየው በየቀኑ ቻርጅ ያደርጉኛል። ካንስል አስደረግኩት። ጉርሻ እኮ የሚሰጠው ዓይኑን እያየሁ በእጄ ነው። እኔ ያላጎረስኩትን ማሽን ያጎርስልኛል?»

«ነግሬዎታለሁ! አዳራሹ ውስጥ ነግሬዎታለሁ፣ ጋሼ!»

«ቀልድ መስሎኝ።»

«ልጁ ከሥራ ሊባረር ነው» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ፤ መዋኛው ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ሁሉ ዞሩ። «ክፉ አስተናጋጅ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። እርስዎ ሻትልዎ ላይ ሻንጣውን አውርደውለት ጉርሻ ሳይሰጥዎ የሄደ ሰው ሲገጥምዎ ምን ይላሉ?»

ጋሽ ግርማ ባርኔጣቸውን አነሡና ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያስነሡትን ሁሉ አስመለሱ፤ አገልግሎቱ ጥሩ ነበር ብለውም አስመዘገቡ።

እማማ ጥሩነሽ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። «እኔ ነኝ ያበላሁት» አሉኝ። «እሱ ምን አጠፋ? ዋሲሁን ያልኩት እኔ፣ ዋስ መሆን የሚገባኝም እኔ። ወደ ሰውየው ውሰጂኝ።» ወሰድኳቸው። አለቃው በአክብሮት ሰማቸው፤ ወንበርም ሳበላቸው። ቲፑ መመለሱንም አመሰገነ። «ደንቡ ግን ደንብ ነው» አለ። እማማ ስተረጉምላቸው «ተይው፣ ገብቶኛል» አሉኝ። ሲወጡ ያጉረመረሙት አንድ ነገር ነው፤ «አንዱን ብቻ አጉርሼው ቀረሁ። እንዲህ ያጣላን እሱ ነው።»

ያን ማታ ሱፍ ተለብሶ የሚበላበት እራት ነበር። ወደ አዳራሹ ስወርድ ሦስቱም ጠረጴዛችን ባዶ ነው። ሻማው በርቷል፣ ጨርቁ ተተኩሷል፣ ሰው የለም። አዲሱ አስተናጋጅ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «ዛሬ ደግሞ ሰዓት ተሳሳቱ» ብዬ በመርከቡ ላይ ስሮጥ አመሸሁ ማለት ይቻላል፤ ያውም በባለ ተረከዝ ጫማ።

ያገኘኋቸው ላይኛው ፎቅ ቡፌ ላይ ነው። ሰው በቁምጣና በነጠላ ጫማ በሚበላበት ቦታ ወንዶቹ ክራቫት አስረው፣ ሴቶቹ ባለ ጥበብ ቀሚስ ለብሰው፣ የራሳቸውን ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል። ዋያን ጠረጴዛ ይወለውላል። ፊቱ ላይ ደስታም ፍርሃትም ነበር። ሰዎቼ ግን ሳህናቸውን ራሳቸው አንሥተው ስለሚሰጡት ሥራ አልነበረውም።

«ማን ጠርቷችሁ ነው?» አልኩ።

«ማንም» አሉ ጋሽ ግርማ። «አስተናጋጃችን ያለው እዚህ ነው።»

ማልቀስም መሳደብም አማረኝ። ስንት ዓመት በጥሪ፣ በጽሑፍ፣ በልመና በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ላቆማቸው ያልቻልኳቸው ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ተገኝተዋል። የዘገየ እንኳ የለም!

በማግስቱም እዚያው። በሦስተኛው ማታ አለቃው ራሱ ክፍሌ ድረስ መጣ። ሦስት ባዶ ጠረጴዛ መሐል አዳራሽ ላይ ለእሱም የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ከእሱም በላይ የሚጠይቅ አለቃ አለ።

«ሰዎችሽ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ።

«አስተናጋጃቸውን» አልኩት።

ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ነገ ይመለሳል። ኮንትራቱ ላይም መጥፎ ነገር አልጽፍም። ግን በአዳራሼ ውስጥ ማንም ማንንም አያጎርስም።» ማጉረስ የሚለውን በእጁ አሳየኝ።

የመጨረሻውን እራት አዳራሹ ውስጥ በላን። ዋያን ምስሩን ለእማማ አቀረበ። እማማ ግራ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከትተው፣ በሹካ እየበሉ፣ አለቃውን ቀና ብለው አላዩትም። እኔ ግን ዳቦ በናፕኪን ሲጠቀልሉ አይቻቸዋለሁ። «እማማ፣ ከመርከብ ምግብ ይዞ መውረድ ክልክል ነው፤ ጉምሩኮች ይይዙብዎታል» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉኝ።

ያን ማታ ሻንጣ ተዘግቶ በር ላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት ወደብ ላይ ነው የሚገኘው። ለጠዋት የምትለብሱትን አስቀሩ ብዬ በየክፍሉ አንኳኩቼ ተናግሬያለሁ። ጋሽ ግርማ ሱሪዎቻቸውን በሙሉ ከተው ልከዋል። ጠዋት ጋቢ ተከናንበው፣ እግራቸው ከሥር ባዶውን እየታየ፣ ከፊቴ ተሰለፉ። «አንድም ቃል እንዳትናገሪ» አሉኝ። አልተናገርኩም። ምን ቀረኝ?

መውረጃው ላይ አስተናጋጆቹ ከነአለቃቸው ቆመው ይሰናበታሉ። እማማ ዋያን ፊት ሲደርሱ ቦርሳቸውን ከፈቱና ናፕኪኑን አወጡ። ዳቦና ምስር ነው። «እማማ!» አልኩ።

«ምግብ ይዞ መውረድ ክልክል ነው አላልሽኝም? ይኸው፣ ይዤ አልወርድም» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ የተናገርኩትን በትክክል የሰማ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ያውም ለእኔው መልሰው። «ደግሞ ይኼ አዳራሽ አይደለም። እንካ ዋሲሁን፣ ሁለተኛዋ ናት።»

ዋያን አለቃውን አየ። አለቃው የጋሽ ግርማን ጋቢ ይመለከት ነበር። ሆን ብሎ፣ አጥብቆ ነው የሚመለከተው። ዋያን አፉን ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ጉርሻ የሚለውን ቃል ተውኩት፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ነው የምለው። በመርከብ ለምትሄዱ ምክሬ ይኸው ነው። ፓስፖርትና መድኃኒት በእጅ ይያዝ። አንድ ሱሪ ከሻንጣ ውጪ ይቅር። የአገልግሎት ክፍያው አይነካ። ማጉረስ የፈለገ ከምግብ አዳራሹ ውጪ ያጉርስ፤ ከጀመረ ደግሞ ሁለተኛውን ሳያጎርስ አይውረድ።