ያልጠየቅኋቸው ጥያቄ

እውነቱን ልናገርና፣ ሰካራም በሽተኛ አልወድም ነበር። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር በምሠራባት ትንሽ ክሊኒክ፣ መጠጥ መጠጥ የሸተተኝን ሰው የማስገባው መጨረሻ ላይ ነው። ሲገባም በሩን አልዘጋም። ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ እየሰሙ ቢራ ነው ወይስ አረቄ፣ በቀን ስንት፣ ሚስትህስ ምን ትላለች እያልሁ አፋጥጠዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ካላሳፈርሻቸው አይሰሙም እያልሁ ነርሷን ሳይቀር መክሬያታለሁ። ወይ ድፍረት!

አንድ በሽተኛዬን ግን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሐይቁ ዳር የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ፤ ለደም ግፊታቸው በየሁለት ወሩ ከሴት ልጃቸው ጋር ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን ነጭ ቆባቸውን አየሁና ካርዳቸው ላይ “አልኮል” ከሚለው ጎን ራሴው “አይጠጡም” ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መጠጥ ይጠየቃል እንዴ? ሲገቡ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ ጀልባው የት ደረሰ እላቸዋለሁ፤ ተመራርቀን እንለያያለን።

በሁለተኛው ዓመት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዕድሜ ነው አልሁ። ምግብ እምቢ አላቸው፤ ጨጓራ ነው አልሁ። ሆዳቸው ተነፍቶ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሲመጡ ደግሞ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ዕድሜ ልካቸውን ጣና ውስጥ እግራቸውን ነክረው የኖሩ ሰው፣ ቢልሃርዚያ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? የሐይቅ ሰው ጉበቱን ሲታመም እዚህ አገር ሐኪም የሚጠረጥረው ውሃውን ነው። ምርመራው ምንም አላሳየም፤ እኔ ግን መድኃኒቱን ሰጠኋቸው። አልተሻላቸውም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ እሳቸው ውጭ ተራ እየጠበቁ ሳለ፣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ጠረኑ ቀድሞት ገባ። እንደ ልማዴ አወረድሁበት። እሱ እንደ ወጣ አዛውንቱ ልጃቸውን ውሃ ግዢልኝ ብለው ላኳትና ብቻቸውን ገቡ፤ በሩን በእጃቸው ዘጉት።

“ልጄ፣ ሰውን ሁሉ ትጠይቂያለሽ” አሉኝ። “እኔን ለምን ዘለልሽኝ?”

ክው አልሁ። እርስዎን መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነው አልኋቸው።

“እኔም ሳልጠየቅ መናገር ነውር ሆነብኝ። ዛሬስ ትጠይቀኛለች እያልሁ ነበር የምመጣው። ደግሞ እንደዚያ ልጅ እንዳትጮኺብኝ እፈራለሁ።”

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አረቄው በውሃ ጠርሙስ ሆኖ ከመጋዛቸው ጋር እንደሚቀመጥ፣ ጠዋት ካልቀመሱ እጃቸው ሚስማር እንደማይዝላቸው፣ ከቤተሰባቸው ማንም እንደማያውቅ። ለልጃቸው እንዳልነግር አደራ አሉኝ፤ አልነግርም ብዬ ቃል ገባሁ። ወደ ሆስፒታል ልልካቸው ደብዳቤው ላይ እውነቱን ጽፌ ፖስታውን አሸግሁት። ሲነሱ፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ጉበታቸው ይተርፍ እንደነበር ጠየቁኝ። አላውቅም አልኋቸው። ውሸቴን ነው፤ በደንብ አውቅ ነበር።

ሦስት ወር አልቆዩም። ለቅሶ ልደርስ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቴም ከመንገድ ተመለስሁ። አፍሬ ነበር፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

ልጃቸው ግን ገና ሐዘን ላይ ሳለች ክሊኒኩ ድረስ መጣች። እውነቱን ሰምታ ልትጮኽብኝ የመጣች መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ምነው በጮኸችብኝ! ሁለት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ያ የሐይቅ በሽታ አባቷን እንደ ነጠቃት ነገረችኝ፤ የመጣችው ለማመስገን ነበር።

“አባቴን እንደ ሌላው በሽተኛ አላዩትም፣ ዶክተር” አለችኝ። “አክብረው ነው ያከሙልኝ።”

ምን ልበላት? አደራ አለብኝ። ምንም አይደል አልኋት።