ቫዝሊን የተቀባ ፊት

ዛሬ ጠዋት የልጄን ፊት ለትምህርት ቤት ፎቶ ቫዝሊን ስቀባ፣ ሽታው በሰው አገር ወዳደግኩበት ሰፈር ወደ ዋይት ሲቲ መለሰኝ።

አንድ ቅዳሜ የቴሌቪዥን ሰዎች ሰፈራችንን ሊቀርጹ መጡ። አለቃቸው እኛን የሐበሻ ልጆችን ፈገግ በሉ ብሎ ደረጃው ላይ ደረደረን። የጃማይካዊቷን ጎረቤታችንን ልጅ ማርከስን ግን የሹራቡን ኮፍያ አጥልቆ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ቆሻሻ ገንዳው ጋ እንዲቆም አዘዘው።

ሌላዋ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ከበረንዳቸው ሲያዩ ቆይተው ኖሮ ቫዝሊናቸውን ይዘው ወረዱ። እሳቸው ቤት ሳይቀባ ካሜራ ፊት የሚቆም ልጅ የለም። የማርከስን ኮፍያ ገፍተው ፊቱን እስኪያብረቀርቅ አሹት።

ሰውየው ተናደደ። «እንዲህ አይደለም፤ እንደ ወትሮው ሆኖ ነው የምፈልገው» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«ወትሮውን ማን ነገረው?» አሉ እትዬ አልማዝ። «በወትሮውማ ከልጆቼ ጋር ካንድ ትሪ የሚበላ ልጅ ነው! ንገሪው፤ ወይ ሁሉንም አንድ ላይ ያንሳ፣ ወይ ካሜራውን ጠቅልሎ ይሂድልኝ!»

አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኩት።

ፕሮግራሙ ሲተላለፍ እኛም ማርከስም የለንም፤ የታየው ገንዳው ብቻ ነበር። እኔ አለቀስኩ።

«ገንዳውን ይውሰዱ» አሉኝ እትዬ አልማዝ። «ልጄን ግን ዱርዬ አድርገው እንዲያሳዩት አልሰጠኋቸውም።»

«እማ፣ በጣም ያብረቀርቃል፣ ይስቁብኛል» አለችኝ ልጄ ዛሬ ጠዋት፣ መስታወቱን እያየች።

«ያብረቅርቅ!» አልኳት። «ያልወደደ ዓይኑን ይጨፍን።»

ደግሜ ቀባኋት።