ቤቴል ያጠበችው እንስራ

ትርፌ ሻንቶ ገበያ ዳር ቦርዴ የሚባለውን የእህል መጠጥ ጠምቃ ትሸጣለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብቅል ስትፈጭ፣ በቆሎ ስታገነፋ፣ ስታማስል ወገቧ አልቋል። የምትጠምቅበትን እንስራ ግን አንድም ቀን በሳሙና አጥባው አታውቅም። ከእናቷ የወረሰችው እርሾ ከሥሩ በተጋገረው አተላ ውስጥ ነዋ የሚኖረው! በውሃ ለቅለቅ፣ በቃ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚልክያስ የሚባል የላቦራቶሪ ሰው ከሶዶ መጥቶ ከአተላው በማንኪያ ጨልፎ ወሰደ፤ መርምሮም ተመለሰ።

«እማማ፣ የዱር እርሾ ዛፍ ልጣጭና ፍሬ ላይ ነው የሚኖረው። የእርስዎ ግን ስንት ትውልድ እህል ሲቀለብ ዘሩ ተለውጧል፤ ለማዳ ሆኗል። የጎረቤትዎ እንኳ ከዚህ ይለያል» አላት።

«ይሄን ለመናገር ነው እንዲህ የተማርከው? እኔ በምላሴ እለየው የለ!» ብላ ሳቀችበት።

ዘንድሮ ታማ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ስትመለስ እንስራው በረኪና ይሸታል። ምራቷ ቤቴል ፈትጋ አጥባዋለች። ቤቴል ጴንጤ ናት፤ ቦርዴ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ከየት ትወቀው?

«በሽታው ከዚያ ቆሻሻ የመጣ መስሎኝ እኮ ነው፣ እማዬ!»

ትርፌ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከጎረቤት እርሾ ለምና ጠመቀች፤ ኮመጠጠ። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሌላ ቤት ለመዱ። ወይ ጣጣ! ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እንዲያው እግሯን እየጎተተች ሚኒባስ ተሳፍራ ሶዶ ሚልክያስ ዘንድ ሄደች።

«ያኔ ከእርስዎ የወሰድኩት እርሾ አለ፣ እማማ» አላት አንገቱን እያሻሸ። «ግን መብራት እየጠፋ ፍሪጁን ስላላመንኩት፣ በየሳምንቱ በስኳር እያባዛሁ ነው ያቆየሁት። ስኳር የሚስማማቸው በዝተው ሌሎቹ ሳይጠፉ አይቀሩም። እህሉን እንደ ድሮው ላይሠሩልዎ ይችላሉ።»

ይዛው ተመለሰች፤ ጠነሰሰች። አረፋው ወጣ። ስትቀምሰው የእናቷ ቦርዴ ጣዕም አለ፤ ግን ቀጥኗል። እንደገና ጠመቀች፣ ደግሞ እንደገና። በአራተኛው ትንሽ ሻል አለ። ትንሽ ብቻ። ደክሟታል።

«ቤቴል፣ ነይ ቅመሺ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልጠጣም።»

«ማን ጠጪ አለሽ? ቅመሺና ትፊው። እርሾው እህሉን እስኪለምድ ገና ብዙ ዓመት መቀለብ አለበት። እኔ ደግሞ ሌላ ሠላሳ ዓመት የለኝም።»

ቤቴል እንስራውን አየች፤ አማቷን አየች። ከዚያ ጣቷን ነክራ ቀመሰች።