የእንግዳ ውሃ

የማስተርስ ትምህርቴ ማብቂያ ላይ መመረቅ አለመመረቄ በአንዲት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሳሳች ገለፈት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያሳደግኋት እኔው ነኝ፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ካላቸው ክሪስታሎች የተሠራች ወንፊት ናት። ውሃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ አስቀርታ ሌላውን ጨው ታሳልፋለች። ታሳልፋለች ስል ምኞቴን ነው። አራት እህቶቿ ገና ከማድረቂያው ሲወጡ ተሰነጣጥቀውብኛል። ይህቺም ካልሠራች ዘንድሮ ምረቃ የለም።

የምፈትንበት ውሃ ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር፣ ፍሎራይድ ከበዛበት ጉድጓድ የሚቀዳ ነበር። ከጉድጓዱ አጠገብ የምትኖር አንዲት እናት ጀሪካኔን ተቀበለችኝና ሙዝ አቀረበችልኝ። «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እቀዳለሁ» አለች። ሙዝ እያለ እግሬ አይነቃነቅም፤ ተቀመጥሁ።

ላብራቶሪ ተመልሼ ውሃውን በገለፈቷ አሳለፍሁና ለካሁት። ፍሎራይድ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ማሞገስ የማያውቁትን አማካሪዬን ከምሳቸው አስነስቼ አሳየኋቸው፤ «ጎበዝ» አሉኝ። የዚያን ቀን በግቢው ውስጥ የተንጎራደድሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። የምረቃ ቀሚሴን ለሰፊ ሰጠሁ።

በማግሥቱ አማካሪዬ «ያልተጣራውስ ስንት ነው?» አሉ። የጉድጓዱን የፍሎራይድ መጠን ከበፊቱ ስለማውቅ አልለካሁትም ነበር። ለካሁት። ያው ነው፤ ሳይጣራም ፍሎራይድ የለውም።

ሚኒባስ ይዤ ወደ መንደሯ በረርሁ። ሴትዮዋ ምንም አልደነቃት።

«ለእንግዳ የጉድጓድ ውሃ ይሰጣል እንዴ? ከከተማው ምንጭ ያስመጣሁትን ነው የሞላሁልሽ።»

ልቆጣ ብዬ ሳቄ ቀደመኝ። ከዚያ ከጉድጓዱ በገዛ እጄ ቀድቼ ተመለስሁ። ገለፈቷ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነች፤ ፍሎራይዱንም ጨዉንም ያለ አድልዎ አሳለፈች።

በሳምንቱ እንደገና ልቀዳ ስሄድ ለሴትዮዋ ነገርኋት። ከልቧ አዘነችልኝ።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ ልጄ? የምንጩን ደግሜ ልስጥሽና ተመረቂ። እኛ እንደሆን የለመድነውን እንጠጣለን።»

አልዋሽም፣ ጓጓሁ። ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቋል፣ አማካሪዬም የሆነውን ገና አልሰሙም። ለመታጨት የደረሰች ትልቋ ልጇ በእናቷ ምክር ሳቀች፤ ስትስቅም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ግን የበለዘ ጥርሷን ቀድሜ አይቼዋለሁ።

ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። በዚያ ዓመት አልተመረቅሁም።