የመትፋት ድምፅ

«እንግዳ ፊት ልትተፊ ነው?» አሉኝ ሐጂ በጆሮዬ፣ ዛሬ ጠዋት ጅማ ባለው የቡና ቅምሻ ክፍላችን ውስጥ።

ሐጂ የሊሙ ገነት ቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከቻይና የመጣች ገዢ ፊት ለፊታችን ቆማለች። ቀማሿ እኔ ነኝ፤ ቀማሽ ደግሞ ቀምሶ ይተፋል እንጂ አይውጥም።

ላክብራቸው ብዬ የመጀመሪያዎቹን የቡና ናሙናዎች ዋጥኳቸው። ወዲያው ጣዕሙ ተምታታብኝ። የስንት ገበሬ ልፋት በይሉኝታ ሊበላሽ ነው!

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከዋጥኩ መለየት አልችልም» አልኩና አፌን ተጉመጥምጬ እንደገና ጀመርኩ። ድምፁ እስኪሰማ ተፋሁ። (እናቴ ብትኖር ጠረጴዛ ሥር ትገባ ነበር።)

ገዢዋ ሳቀችና ወረቀት ላይ 啡 ብላ ጻፈች።

በአስተርጓሚዋ በኩል አስረዳችን። ቻይናዎች «ቡና» ብለው ሲጽፉ ከሚጠቀሙባቸው ሁለት ፊደሎች አንዱ ነው። በግራ ያለችው ሳጥን አፍ ናት። ቡና አገራቸው ከመግባቱ በፊት ግን፣ በጥንት መዝገበ ቃላታቸው የዚህ ፊደል ትርጉም የመትፋት ድምፅ ነበር! ቡና ሲመጣ ለአነባበቡ ብለው ተዋሱት።

ሐጂ ፊደሉን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መትፊያውን ባልዲ በእጃቸው አስጠጉልኝ። «በይ ኢንተላ ኮ፣ በይ ልጄ፣ ትፊ!»

ሁሉንም ቀመስኩ፣ ሁሉንም ተፋሁ። ምርጥ ያልኩትን የሊሙ ቡና ገዢዋም ቀምሳ ወሰደችው። ከእንግዲህ ማንም ይምጣ ማን፣ አልውጥም።

እናንተስ፣ ሥራችሁን «ነውር ነው» ያላችሁ አለ? ምን አላችሁት?