የሊንዳ ስለት

ከኮቪድ በፊት ነው። ሮቢንስዴል ውስጥ ሊንዳ የምትባል ፈረንጅ አሮጊት ቤቷ እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚባል አታውቅም። የጥንት አያቶቿ ወንጌል ሳይመጣ ያመልኳት የነበረች፣ አሁን እንደ እሷ ያሉ ሰዎች መልሰው የያዟት ሴት አምላክ አለቻት። የእንጨት ምስሏን መስኮቱ ላይ አቁማ ማር ታቀርብላታለች። እኔ አማትቤ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሥራ ነው።

አንድ ልጇ በካንሰር ሲጮህ ከርሞ ሞተ። በተቀበረ በሳምንቱ መቀስ ሰጠችኝና፣ «ፀጉሬን ቁረጪልኝ፤ ከዚያ ወንዙ ጋ ድራይቭ አድርጊኝ። ለእሷ ስለት አለብኝ» አለችኝ።

ያን ወገቧ ድረስ የሚወርድ ነጭ ፀጉር በየቀኑ የማበጥረው እኔ ነኝ። አንጀቴ አልቻለም፤ መቀሱን ከኋላዬ ደበቅሁት።

«ሊንዳዬ፣ ስለት የሚገባው እኮ ሲሰምር ነው። ልጅሽን ካላዳነችልሽ ምንም የለብሽም። እኛ ለቅዱስ ገብርኤል እንኳ ካልሰመረልን አናስገባም» አልኳት። እዚያች ጣዖት ፊት ቆሜ ገብርኤልን መጥራቴን ይቅር ይበለኝ።

ሊንዳ ጉንጉኗን ይዛ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«እንዲድን መች ተሳልኩ? ቶሎ እንድትወስድልኝ ነው የለመንኳት። ሰምሮልኛል፤ ቁረጪ።»