ከመቀነቱ የተተረተረው ክር

ካልሲ መሥራት የተማርኩት ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ያስተማረችኝ የአስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ሚስት ናት። ይህን ስናገር ሰው ፊቱ ይለዋወጣል። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ይሆናል ብዬ አላሰብኩትም ነበር።

ቤታችን ከቡሬ ብዙም አይርቅም ነበር። አባቴ አርበኛ ሆኖ ዱር ሲገባ ጣሊያኖች ቤቱን አቃጠሉት። እኔና እናቴ የተረፉትን በጎች እየነዳን ወደ ፈረስ ቤት አቀናን፤ የአባቴ ዘመዶችም ደጋው ላይ አንድ ጎጆ ለቀቁልን። ለአቅመ ሔዋን እየደረስኩ ስለነበር ሁሉንም ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ። ክረምቱ ሲገባ ጉሙ በሩን አልፎ ቤት ውስጥ ይተኛል። በረዶ የወረደ ቀን ግቢው እስኪመሽ ድረስ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። እንዲህ ያለውን ብርድ ስላልለመደችው የእናቴ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ቅቤ እየቀባች በጨርቅ ታስረዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ከአባቴ ዘንድ የተላከ ሰው አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ባሏ የሐማሴን ሰው ነው፤ ለጣሊያን አስካሪ ሆኖ ዘምቶ ከነጠመንጃው ከድቶ አባቴ ጋር ገብቷል። አባቴም «ክረምቱ እስኪወጣ እኛ ቤት ትቀመጥ» ብሏል።

እናቴ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ታናሽ ወንድሟን ባለፈው ዓመት በቡሬ መንገድ ላይ ተኩሰው የገደሉት አስካሪዎች ነበሩ። መልእክተኛው ያን አያውቅም፤ ሴትዮዋም አታውቅም። እናቴ ከበሩ ገለል አለችላት።

አበላቻት፣ መደብ ላይ ቁርበት አነጠፈችላት፤ ግን አታነጋግራትም። እሳቱ ዳር ተቀምጠው ሳለ እንኳ ቃሏ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው።

«ጠግባ እንደሆነ ጠይቂያት።»

«ጠግቤያለሁ፣ ይስጥልኝ በያቸው» ትላለች ሴትዮዋ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ። እኔ መካከል ላይ ሆኜ ሁለቱም የሰሙትን እደግመዋለሁ።

እናቴ ሁልጊዜ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር፤ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሆናል እያለች። ሴትዮዋ አንድ ቀን ከዚያ ክር ጥቂት በእኔ በኩል ለመነች። አርበኞቹ ቆርጠው ከጣሉት የስልክ ሽቦ ቁራጮች ይዛ መጥታ ነበር፤ የሹራብ መሥሪያ እንዲሆኑ ጫፋቸውን ድንጋይ ላይ ስላ አሾለቻቸው። አሥመራ ጣሊያን ቤት ገረድ ሆና ስትሠራ ነው ሹራብ መሥራት የለመደችው። ጣቶቿ ሲሮጡ ሳይ እጄ አላስቀምጥ አለኝ።

«እትዬ፣ ለእኔም ያሳዩኝ» አልኳት።

«ነይ፣ አጠገቤ ሁኚ። ክሩን አታጥብቂው፤ ከጠበቀ ሽቦው በቀለበቱ አያልፍልሽም።»

የመጀመሪያው ሥራዬ ካልሲ ይሁን ከረጢት አይለይም ነበር። እየተረተረች አስደገመችኝ። ነጩን፣ ጥቁሩንና ዳለቻውን ክር እየቀያየርን መስመር መስመር አደረግነው። የመቅመቆ ሥር አፍልተን ቢጫ ቀለም አወጣን። ቀይ ግን ከየት ይምጣ?

ከጓዟ ውስጥ አንድ ቀይ የሱፍ መቀነት አውጥታ ጫፉን መተርተር ጀመረች። የእናቴ እንዝርት ቆመ።

«ይኼ የእነሱ መታጠቂያ ነው» አለች። በቀጥታ ለሷ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አዎ እሜቴ። ባለቤቴ ሲከዳ ቆቡን ገደል ወረወረው። ይኼን ለብርድ ብዬ እኔ ደበቅሁት። አሁን ደግሞ ብጥለው ሌላ ሰው አንሥቶ ይታጠቀዋል ብዬ ነው የምተረትረው።»

«ወንድሜን የገደሉት ይኼን የታጠቁ ናቸው።»

የሴትዮዋ እጅ ጭኗ ላይ ወደቀ። ዝናቡ የጣራውን ሣር ሲደበድብ ይሰማኛል።

«አላወቅሁም ነበር። እሳት ውስጥ ልክተተው?»

እናቴ በርጩማዋን ስባ ተጠጋችና የመቀነቱን ሌላ ጫፍ ያዘች።

«ተርትሪው። እኔ እጠቀልለዋለሁ።»

ሁለቱ ሴቶች ያን መቀነት አንድም ክር ሳያስቀሩ ፈቱት። ከዚያ በኋላ የእኔ ቃል አቀባይነት ቀረ፤ ራሳቸው ይነጋገሩ ጀመር። ሆኖም እናቴ ቀይ ያለበትን ካልሲ እግሯ ላይ አላደረገችም። እሷ ቢጫና ነጩን፣ እኔ ቀዩን ለበስን። ጫማ የሌለው ሰው ካልሲ ለብሶ የት ይሄዳል? ደጅ ጭቃ ስለሆነ እሳት ዳር ብቻ ነበር የምንለብሰው። በግ ለማስገባት ስንወጣ እናወልቃለን፤ ስንመለስ እግራችንን ታጥበን እንደገና እናጠልቃለን። በዚህ ብዙ ሳቅን። ድንች ረመጥ ውስጥ ቀብረን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ እግራችንን ወደ እሳቱ ዘርግተን እንቀመጣለን። አባቴ በዚያው ዝናብ የት እንዳደረ አናውቅም። ግን እውነቱን ልናገር፣ በነዚያ ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በክፉ ዘመን እግሩ ሲሞቅ ደስ ቢለው ይፈረድበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አይመስለኝም።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል መርዶ መጣ። ባሏ በውጊያ ሞቷል። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀምጣ በቋንቋዋ አለቀሰች። ከጎረቤት ግን ማንም አልመጣም። አንዷ በአጥር ላይ «የአስካሪ ለቅሶ ደግሞ ምኑ ይለቀሳል?» ስትል ሰማናት።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ግቢው ወጣች። ደረቷን እየደቃች ለወንድሟ እንዳለቀሰችው አድርጋ ጮኸች። ሰፈሩ አባቴ የሞተ መስሎት ሮጦ መጣ።

«ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«የእኛ ሰው ነው» አለች እናቴ። «ከባሌ አጠገብ ወደቀ። ተቀመጡ፣ አልቅሱ።»

መጀመሪያ አንዲት ባልቴት ተቀመጡ። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ከኛ ጋር ኖረች፤ አባቴም በሕይወት ተመለሰ። መንገዱ ሲከፈት ከነጋዴዎች ጋር በጎንደር አድርጋ ወደ አገሯ ሄደች። እናቴ ቁልቁለቱ ድረስ ሸኘቻት፤ ሲለያዩ ምን እንደተባባሉ ርቄ ስለነበር አልሰማሁም።

ወደ ቀዬአችን ከተመለስን በኋላ እናቴ ቡሬ ገበያ በወጣች ቁጥር ከሰሜን የመጣውን ነጋዴ ሁሉ ስለ ሴትዮዋ ትጠይቅ ነበር። አንዱ፣ አሥመራ ውስጥ መንገድ ዳር ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች የምትሸጥ ሴት አይቻለሁ አላት። ስሟን አያውቅም፤ መልኳንም በቅጡ አላስተዋለም።

«እሷ ናት» አለችኝ እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ። እኔም አልተከራከርኳትም።